በገበር ጨርቅ ላይ የተሰመረ መንገድ

የካቲት 4

ቀኑን ሙሉ የክሊኒኩን መጋረጃ ጠርዝ ስሰፋ ዋልኩ። የመስኮቶቹ ቁመት አንዱ ከአንዱ አይገጥምም... ግንበኛው በዓይኑ ለክቶ ነው እንዴ የሠራው? ሁለቴ ፈታሁ፣ ሁለቴ ሰፋሁ። የስፌት መኪናዋም ሰለቻት መሰለኝ፣ ክር ትበጥስ ጀመር።

መጋረጃውን ሊወስድ የመጣው የክሊኒኩ ዘበኛ ወሬ ይዞ መጣ። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ዋሻ አልቋል። ክረምት ሳይገባ ይከፈታል። አሮጌው የተራራ መንገድ ደግሞ ለመኪና ይዘጋል። "ከእንግዲህ ለፍየል ነው" አለኝ።

ማታ እታች ቤት ወርጄ ለአባዬና ለእማዬ አወራሁ። አባዬ ያን መንገድ ሠላሳ ዓመት በተሳቢ መኪና ተመላልሶበታል። ይደነግጣል ብዬ ነበር። "ጥሩ ነው፣ ብዙ ፍሬን በልቷል" ብሎ ሻዩን ጠጣ። የደነገጠችው እማዬ ናት።

"ሳይዘጋ ማየት አለብኝ" አለች።

"ምኑን?"

"መንገዱን ነዋ! ሠላሳ ዓመት ባሌን የወሰደብኝን። ጣውንቴን አንድ ቀን እንኳ ዓይኗን ልያት እንጂ።"

ሳቅን። አባዬ አልሳቀም። "ድንጋይና አቧራ ነው። ምን ይታያል?" ብሎ ተነሳ። ሲወጣ የበሩን መቃን በትከሻው ገጨው። ተናዷል አልኩ በልቤ።

የካቲት 5

ወሰንኩ። እንሄዳለን። አራት ቀን። እማዬ፣ አባዬ፣ ባሌ፣ ልጄና እኔ። መኪናዬ አሮጌ ናት፣ ግን ሞተሯ ደህና ነው። እኔ እነዳለሁ።

ለባሌ ነገርኩት። አስተማሪ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያየው እንቅፋቱን ነው። "የእማማ ጉልበት?" አለኝ። በየሁለት ሰዓቱ ቆመን ታፍታታለች። "እኔንስ መኪና ያዞረኛል እኮ።" መስኮት ከፍተህ ትቀመጣለህ። "አባባስ እሺ ይላሉ?"

እሱን ለእኔ ተወው አልኩት።

የካቲት 9

ካርታ የሚባል ነገር አይገባኝም። ስልኩ ላይ ያለው ጣት በነካው ቁጥር ይሸሻል። ስለዚህ በራሴ መንገድ ሠራሁት። ለአንድ ሆቴል መጋረጃ ስሰፋ የተረፈ ነጭ ገበር ነበረኝ። ሳሎን ወለል ላይ ከበር እስከ መስኮት ዘረጋሁትና መንገዱን በሰማያዊ ጠመኔ አሰመርኩ። የምንቆምበት ቦታ ሁሉ ባለ ጉልላት ስፒል። ቀይ ለዕረፍት፣ ቢጫ ለእይታ። የጥዱ ጫካ፣ ፏፏቴው፣ የተራራው አናት፣ ከተራራው ማዶ ያለው ሐይቅ... ሰዎች ፎቶ የተነሡበትን ሁሉ ፈልጌ ወጋሁ።

ልጄ ስሟን ትታ "ጥያቄ" ተብላ ከቀረች ቆየች፤ ዛሬም ስሟን አስከበረች። ሽንት የምንሸናው የት ነው? ስፒል የለውም እንዴ? ፍየሎቹ መንገዱ የእነሱ መሆኑን ማን ነገራቸው? ሐይቁ ውስጥ ዓሣ ከሌለስ? አረንጓዴ ስፒል ሰጠኋት፣ ለሽንት። በየቦታው ወጋችው።

አባዬ ጋዜጣውን ሊወስድ ከእታች ቤት ወጣ። ጨርቁን በዳር በዳሩ ዞሮ አለፈ። አንዴም ዝቅ ብሎ አላየም።

የካቲት 12

ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

"ሹፌር ቅጠሩ፣ እሄዳለሁ" አለ።

"ሹፌርማ አለ። እኔ።"

"እውነተኛ ሹፌር ማለቴ ነው።"

 እማዬ "ኧረ አንተ!" አለችው፣ እሱ ግን ተናግሮ ጨርሷል።

ሦስት ዓመት ሙሉ መጋረጃና ዘንግ ጭኜ ከተማውን አቋርጣለሁ። አንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ላድርስህ ስለው ወይ ሐኪም ተራመድ ብሎታል፣ ወይ ወገቡን ይዞታል፣ ወይ ጎረቤት ሊጠይቅ ነው። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ዓይኑን አይተው ከመለሱት ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። "ትንሽ ደክሟል፣ ለመሪ አይሆንም አሉኝ" ብሎ ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ ስለሱ ተናግሮ አያውቅም።

ከፋኝ። ልጅ እያለሁ መኪናውን በድምፁ ለይቼ በር ላይ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ እኮ። አሁን ለሰው ሹፌር ራሱን ሊሰጥ ነው፣ ለእኔ ግን...?

የካቲት 13

እጅ አልሰጥም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የካቲት 17

አንድ ነገር ተፈጥሯል። ጠዋት ጨርቁን ሳየው ሁለት ቢጫ ስፒሎች ቦታቸውን ለቀዋል። ከፏፏቴው በፊት የነበረው ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ከተራራው ማዶ ቁልቁለቱ ላይ የነበረው ደግሞ ወደ አናቱ ወጥቷል። ጥያቄን ጠራኋት። "እኔ አይደለሁም፤ እኔ አረንጓዴ ብቻ ነው የምነካው" አለች። ባሌን ጠየቅሁት። "ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

ስፒሎቹን መለስኩ።

የካቲት 18

እንደገና ሄደዋል። መለስኩ።

የካቲት 19

ሦስት ስፒል። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሏል ይሄ ነው። አባዬ ከጋዜጣው ጀርባ ሆኖ ያንጎራጉራል።

የካቲት 20

እማዬ ዳኘችን። "አባትና ልጅ በስፒል ትነጋገራላችሁ? አፍ የላችሁም? ዛሬ እግሬን ወግቶኛል!" አለች። እኔም ደፍሬ፣ "ይሄን ለምን አነሳኸው?" አልኩት።

"እዚያ ከቆምሽ ከኋላ የሚመጣ አያይሽም። ኩርባ ነው።" ጋዜጣውን አላወረደም።

"ይሄስ?"

"ቁልቁለት ሳትጀምሪ ነው የሚቆመው። ፍሬን የሚያርፈው ሳይደክም ነው።" ቆየና ጋዜጣውን አጠፈ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጋረጃ ስትሰፊ ጨርቁን በመስኮቱ ስፋት ልክ ትቆርጫለሽ?"

"እንዴት ተደርጎ! እጥፍ ነው እንጂ። ሽንሽኑስ ከየት ይመጣል?"

"ታዲያ ተራራውን ለምን በልኩ ቆረጥሽው?"

ጨርቁን አየሁት። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ቀጥ አድርጌ አንድ ክንድ ሰጥቼዋለሁ። ሽቅብ ዞሮ፣ ቁልቁል ዞሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ! ሃያ ዓመት መጋረጃ የሰፋሁ ሴት... ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እማዬ እስክታነባ ሳቀች።

መቀስ አመጣሁ። ጨርቁን ተራራው ላይ ቆርጬ፣ መሀሉ ላይ አዲስ ገበር ቀጥዬ፣ እንደ መጋረጃ ሸነሸንኩት። አባዬ ወለል ላይ ወረደ። አዎ፣ ወለል ላይ! እያንዳንዱን ሽንሽን በጣቱ እየነካ ስሙን ነገረኝ። ሹፌሮች ለኩርባ ሁሉ ስም አላቸው። አንዷ "አማት" ትባላለች፤ ከሩቅ ቀጥ ያለች ትመስላለች፣ ስትደርስባት ነው የምትጠመዝዝህ። አንዷ "ንስሐ"። አንዷ "ተው ተመለስ"።

"ገደሉ ከየትኛዋ ነው ደህና የሚታየው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ፍሬን እስኪቀዘቅዝ ስቆም የማየው ጎማ ጎማውን ነው።"

የሚገርም ሰው። ግን ዛሬ ደስ ብሎኛል። ስለ ሹፌሩ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም።

የካቲት 26

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መጋረጃው ብርሃን ያስገባል ብሎ ነዘነዘኝ። ሳሳ ያለ ይሁን ያለው ራሱ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ለካሁ፣ መጣሁ። ባሌ የማስመለሻ ከረጢት ገዝቷል። አንድ ሙሉ እሽግ። ስንት ጊዜ ሊያስመልሰው ነው ያሰበው?

መጋቢት 1

አባዬን ለሙከራ ነገ እንውጣ አልኩት። ከከተማው ዳር ያለችውን ኮረብታ ወጥተን እንውረድ፣ በቃ። ወይ ፍንክች አለ። ለመንኩት። እማዬ ለመነችው። በመጨረሻ ጥያቄ፣ "አያቴ ትፈራለህ እንዴ?" አለችው። እሺ አለ።

መጋቢት 2



አባዬ ጋቢና፣ ባሌ ከኋላ። እማዬና ጥያቄ ቤት ቀሩ፣ ተመስገን ነው። ዳገቱን ሳንነጋገር ወጣን። ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ አየሁት፣ እንዳላየ ሆንኩ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ሞተር ሳይክል በቀኛችን ወጥቶ አለፈ። እኔ ቀድሜ በመስታወት አይቼው ቦታ ለቅቄለታለሁ። አባዬ ግን ሞተሩ ከመሬት የበቀለ ይመስል ጮኸና የእጅ ፍሬኑን ሳበው።

መኪናዋ ዞረች። መንገዱን ዘግተን፣ አፍንጫችን ቦዩ ላይ ሆኖ ቆምን። ከኋላችን የሚመጣ ቢኖር ኖሮ... አልጽፈውም።

"ምን ሆንክ?!" ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ላይ ጮህኩ።

"ከየት መጣ?" አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ከየት መጣ?"

በሩን ከፍቶ ወረደና በእግሩ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። ባሌ ተከተለው። እኔ መሪውን ይዤ ቀረሁ።

መጋቢት 3

እታች ቤት አልወረድኩም። እሱም አልወጣም። ሆድና ጀርባ ሆነን ዋልን። ባሌ ጨርቁን ጠቅልሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጠው። "ለጊዜው ነው" አለኝ። ለጊዜው የሚባል ነገር አለ? መንገዱ እኮ ይዘጋል።

መጋቢት 5

ጨርቁን አወረድኩት። እኔ ራሴ ቀርቷል እስክል ድረስ ጉዞው አይቀርም። ግን ለምን ጮኸ? ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው በአንዲት ሞተር...? ያን ያህል አያምነኝም ማለት ነው?

መጋቢት 7

አባዬ መጋረጃ የምሰፋበት ሱቅ መጣ። ደንበኛ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። አኩርፌ ስለነበር መስፋቴን አላቆምኩም።

"ያቺን ሞተር አላየኋትም" አለ።

"ከጎን ነው የመጣችው። ማንም ሰው ቢሆን..."

"ጎን የለኝም።"

የስፌት መኪናዋን አቆምኩ።

ተነሳና ለናሙና የሰቀልኳቸው ሁለት መጋረጃዎች መሀል ቆመ። አንዱን ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ ሳበ። ሳበ... ሳበ... ስንዝር የምታህል ክፍተት ቀረች። "እኔ ይቺን ነው የማየው" አለ። "ፊት ለፊት ደህና ነኝ። ጋዜጣ አነባለሁ። አንቺን አያለሁ። የጎኑ ግን ሁሉም ድንገት ነው የሚመጣው። ሰውም፣ በርም፣ መኪናም። መሪ የያዘ ሰው አጠገብ ሆኜ ስቀመጥ ደግሞ... ልቤ ልትወጣ ነው።"

"ትንሽ ደክሟል አላሉህም እንዴ?"

"ትንሽ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ይብሳል?"

"ቀስ እያለ ይዘጋል ብሎኛል ሐኪሙ።"

የበሩን መቃን የገጨበትን ትከሻውን አሰብኩ። ስንት ጊዜ ገጨው? እኔ ስንት ጊዜ ተናዷል አልኩ? 

"ለዚህ ነው መኪናዬ ውስጥ የማትገባው?"

"አንዱ ለዚህ ነው።"

"ሌላውስ?"

ባርኔጣውን አዞረ፣ አዞረ። "ደህና የማትነጂ ከሆነ ልጄ በየቀኑ መንገድ ላይ ናት ብዬ እንቅልፍ ላጣ ነው። ደህና የምትነጂ ከሆነ ደግሞ... እኔ ምን ሥራ ቀረኝ?"

ሳቅሁም፣ አለቀስኩም። የቱን እንዳስቀደምኩ አላውቅም።

"እናትሽ እንዳትሰማ" አለ ሲወጣ።

"ትሰማለች። ከአንተ አፍ። ካልነገርካት እኔም አልነዳም።"

"ይቺን ግትርነት ከማን ወረሰችው?" ብሎ መጋረጃውን ጠየቀ። መጋረጃው ያውቃል።

መጋቢት 9

ነገራት።

እኔ ጓዳ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ አልተደበቅሁም፣ አልገባሁምም። ረጅም መግቢያ አበጀ። ስለ ሐኪሙ ወንበር፣ ዓይኑ ላይ ስላበሯት መብራት፣ ስለ መንጃ ፈቃዱ... እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ብርጭቆህን ፊት ለፊትህ የማኖረው ለምን ይመስልሃል? ዱሮ በቀኝህ አልነበር የማኖረው? ጎረቤት ስትገባ ከበር ጀምሮ ስሟን የምጠራው ጆሮህ ደንቁሮ መስሎህ ነው?"

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት። አንተ እንደሆንክ ነገር በሆድህ ነው። ሠላሳ ዓመት ለምጄዋለሁ።"

ሻዩን ይዤ ገባሁ። 

በኋላ ዕቃ ስናጥብ ያዝኳት። "ታዲያ ጣውንቴን ልያት ያልሽው?"

"የምን ጣውንት! እኔ ድንጋይ አይቼ ምን ልጠቀም? ጉልበቴ ከገበያ እንኳ አያደርሰኝም። እሱ ይየው ብዬ እንጂ። ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ነው፤ ያየው ግን መሪና ጎማ ነው። አሁን ካላየው መቼ ሊያየው ነው?"

"ይሄን መጀመሪያ አትነግሪኝም ነበር?"

"'አንተ እይ' ብለው እሺ ይል ነበር? 'እኔ ልይ' አልኩ፤ ይኸው ደረስን።" ብርጭቆውን አለቅልቃ አቀበለችኝ። "እና ትነጂያለሽ አትነጂም?"

እነዳለሁ።

መጋቢት 12

ሌት ተቀን ሳስብ ሰነበትኩ፣ ዛሬ ሞከርነው። አባዬ ጋቢና አይቀመጥም። ከኋላ፣ መሀል። እዚያ ሆኖ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ቀጥ ብሎ መንገዱ ይታየዋል።

"ከኋላ? መሀል? እንደ ሕፃን?" አለ። ተቆጣ።

"እኔ ሁሌ እዚያ ነው የምቀመጠው፤ ምን አለው?" አለች ጥያቄ። "ቦታዬን ነው የምሰጥህ።" ምን ይመልስላታል? ገባ።

የጎኑ እንዳያስደነግጠው ብዬ ለኋላ መስኮቶች ትንንሽ መጋረጃ ሰፍቼ ነበር። ጥያቄ፣ "እኔስ ምን ልይ?" አለች። እማዬም፣ "መጋረጃ ለማየት ከሆነ ሱቅሽ እቀመጣለሁ" አለች። ፈታሁት።

መጋቢት 13

መፍትሔውን ያመጣችው እማዬ ናት። ስንነዳ በግራው ተቀምጣ፣ ገና ሳይታየው "ከግራ ሚኒባስ" አለችው፣ ቤት ውስጥ ጎረቤት እንደምትጠራለት። ሚኒባሱ አለፈ። አባዬ አልደነገጠም። ጥያቄ ይሄን ሰምታ ቀኙን ያዘች። ከዚያማ ማን ያቆማታል? ከቀኝ ሞተር! ከቀኝ ሴትዮ ከነጃንጥላዋ! ከቀኝ ደመና! ከቀኝ የሚያዛጋ ውሻ!

"ደመናው አይገጨንም" አላት አባዬ።

"ማን ያውቃል?" አለች።

መጋቢት 21

ኮረብታዋን ደገምናት። ያችኑ ቁልቁለት። ጋቢና ባሌ ነው፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ከረጢቱን ይዞ።  መስታወቱ ውስጥ አባዬን አየሁት፤ ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ፣ እግሩ ግን አሁንም የሌለውን ፍሬን ይረግጣል። ይርገጥ። ከግራ፣ ከቀኝ እየተባለ ወረድን።

ታች ስንደርስ፣ "ማርሹን ቀድመሽ ቀነስሽ" አለ።

"እና?"

"ጥሩ ነው።"

ደስ አለኝ። በቃ ደስ አለኝ፣ ሌላ ምን ይባላል?

ሚያዝያ 1

ፍሬኑ ተፈተሸ። የመለዋወጫ ጎማው ተነፋ። አባዬ መካኒኩን አላምን ብሎ በእጁ ዳሰሰው። ሱቁን ለአራት ቀን ዘጋሁ፤ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ይጩህ። ስፒሎቹ ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእኔ ናቸው። አረንጓዴው ሁሉ የጥያቄ።

ሚያዝያ 3

የመጀመሪያው ቀን። የጥዱ ጫካ ጋ ቆመን ዳቦና ብርቱካን በላን። እማዬ ዛፍ ተደግፋ ጉልበቷን አፍታታች። ባሌ ሁለት ከረጢት። ፏፏቴው ፎቶው ላይ እንዳለው አይደለም፤ በበጋ ጠፍቶ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ትወርዳለች። "ለዚህ ነው ቢጫ ስፒል ያባከንሽው?" አለኝ አባዬ። ይሳቅብኝ፣ ደግ ነው። ከተራራው ሥር ካለች ከተማ አደርን። ነገ ተራራው ነው። 

ሚያዝያ 4

ጠዋት ተራራው ጉም ለብሶ ጠበቀን። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ "በዋሻው እለፉ እንጂ፣ ለሙከራ ክፍት ነው" አለች። ባሌ አየኝ። እማዬ አየችኝ። አሮጌውን ያዝኩ።

ነዳሁ። እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። ከመብራቴ ወዲያ ነጭ ነው። እማዬና ጥያቄ የሚጠሩት ስላጡ ዝም አሉ፤ ያኔ አባዬ ከኋላዬ ጀመረ። "አሁን ወደ ግራ ትጠመዝዛለች... ገና... ገና... አሁን። ንስሐ ናት፣ ቀስ በዪ።" አይቶ አይደለም። ጉሙ ውስጥ እኛም እሱም እኩል ነን። ያውቃታል። ኩርባ በኩርባ እየጠራ አወጣኝ፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

አናቱ ላይ ደረስን። ከድንጋይ አጥሩ ወዲያ ወተት ነው፤ ምንም የለም። ፎቶ ያየሁበት ቦታ ይሄ ነው? እልህ ያዘኝ። ይሄን ሁሉ መጥቼ? "እንጠብቃለን" አልኩ። "የእናትሽ ጉልበት..." አለ አባዬ። "ጉልበቴን ተወው" አለች። ጠበቅን። ሻዩ አለቀ። ጥያቄ የምትጠይቀው አልቆባት እንቅልፍ ወሰዳት። ባሌ እንኳ ቀለሙ ተመለሰ። እኔ መሪውን አልለቀቅሁም፣ ብለቀው ጉሙ የሚያሸንፈኝ ይመስል።

ከቀትር በኋላ ንፋስ መጣ። መጀመሪያ አጥሩ ታየ። ከዚያ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ። ከዚያ ማዶው ሁሉ ተገለጠ፤ ገደሉ፣ እርሻው፣ ሐይቁ በሩቁ፣ መንደሮቹ...

ወረድን። አባዬ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጎማው ነው። ዳሰሰው። "አልሞቀም" አለ።

"እንግዲያው ፊትህን አዙር" አለችው እማዬ፣ ክንዱን ይዛ።

ዞረ። አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ወሰደው፣ ጋዜጣ ሲያነብ መስመር እንደሚከተለው። መልሶ ከቀኝ ወደ ግራ። ብዙ ቆየ።

"ያቺ ታች የምታበራው ምንድን ናት?"

"ወንዝ ናት" አልኩት።

"ወንዝ አለ እንዴ?"

ባሌ ፊቱን አዞረ።  ሠላሳ ዓመት ከወንዝ በላይ ተመላልሶ...

እንደገና ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ አንገቱን አቆመ።

"የት ነሽ?" አላት እማዬን።

"ይኸው አጠገብህ።"

"ወደ መሀል ነይ እስቲ።"

ምርኩዟን ይዛ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ። ንፋሱ ነጠላዋን ይጎትተዋል። "ኧረ ጋረድኩህ!" አለች። "ይሄን ሁሉ አገር መጥተህ መንገዱን ጋረድኩብህ እኮ።"

"መንገዱንማ አውቀዋለሁ" አላት።